አንድ ስም ያላቸው ሁለት በሽታዎች

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግረኝ ነበር። ሆሳዕና ሐኪም ቤት እሠራለሁ ስል ሰዉ ሁሉ "ነርስ ነሽ?" ይለኛል። አይደለሁም ስል "እንግዲያው ካርድ ታወጫለሽ" ይባላል። እሱም ቢሆን ግማሽ እውነት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ስቀጠር መጀመሪያ የገባሁት ካርድ ክፍል ነው። የበሽተኛውን ስም፣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ የገበሬ ማኅበሩን እጠይቅና ከእንጨት መደርደሪያው ላይ ካርዱን ፈልጌ አወጣለሁ። በኋላ ወደ ውስጠኛው ክፍል ተዛወርኩ። እዚያ የተሰጠኝ ሥራ ሐኪሙ በካርዱ ላይ የጻፈውን የበሽታ ስም አንብቤ፣ ከውጭ አገር ከመጣ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ቁጥሩን ፈልጌ፣ በካርዱ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መጻፍ ነበር። በየወሩ መጨረሻ ቁጥሮቹ ተደምረው ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ክፍለ ሀገር፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። በእኛ ስር ያሉት ክሊኒኮችም፣ ከሾኔም ከጃጁራም ከአንጋጫም፣ የራሳቸውን ወረቀት ይልኩልናል፤ የእነሱንም ቁጥር የምሰጠው እኔ ነበርኩ።

አለቃዬ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። አባታቸው ከመንዝ መጥተው ሆሳዕና የሰፈሩ ነጋዴ ስለነበሩ እሳቸው የተወለዱት እዚሁ ነው። ሀዲይኛን እንደ አገሬው ይናገራሉ፤ ቢሮ ሲገቡ ግን ከአማርኛ ሌላ ከአፋቸው አይወጣም። እኔ የከምባታ ልጅ ነኝ፤ አንጋጫ አካባቢ ነው የተወለድኩት። ሀዲይኛን የለመድኩት ሆሳዕና ቤት ተከራይቼ ከጎረቤቶቼ ጋር ውኃ ስቀዳ ነው። አለቃዬ መጽሐፉን የሰጡኝ ቀን እንዲህ አሉኝ፦

"እኛ ሐኪም አይደለንም። ሐኪም የጻፈውን አናሻሽልም። ያልገባሽን ግን ሄደሽ ጠይቂ። የመሰለሽን ቁጥር ዝም ብለሽ ከጻፍሽ፣ አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ ለሌለብን በሽታ መድኃኒት ይልክልናል።"

እሳቸው ሲናገሩ አይስቁም፤ የሚስቀው ሰሚው ነው።

በመጀመሪያው ሰሞን ከአንዱ ክሊኒክ የመጣ ወረቀት ላይ "ነቀርሳ" የሚል ብቻ ተጽፎ አገኘሁ። ሳላመነታ የሳንባ ነቀርሳን ቁጥር ጻፍኩበት። አለቃዬ ሲያዩት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ።

"የምኑ ነቀርሳ ነው?"

"የሳንባ ነዋ፣ ጋሼ። ሌላ ምን አለ?"

ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው ቲቢ እንደሆነ፣ በሳል ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ፣ መድኃኒቱም እንደታወቀ ነገሩኝ። ሌላው ነቀርሳ ግን ካንሰር ነው። የሰውየው የገዛ ሥጋ ያለ ልክ የሚያድግበት፣ ከማንም የማይተላለፍ፣ ብዙ ጊዜም የማይመለስ። "አማርኛችን ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል" አሉኝ። "ክሊኒክ ያለው ጤና ረዳት ምን ለማለት እንደፈለገ ያውቃል። በሽተኛው ግን ላያውቅ ይችላል።" ወረቀቱን "የምኑ?" ብዬ ጽፌበት መለስኩት። ከዚያ በኋላ ይቺን ጥያቄ ስንት ወረቀት ላይ እንደጻፍኳት ቤቱ ይቁጠረው።

አባቴ ቤት ሠሪ ነበር። ያርሳልም፤ እንሰቱም ቡናውም ነበረው። ሰው የሚያውቀው ግን በቤት ሥራው ነው። በእኛ አገር ክብ ቤት ሲሠራ መንደሩ ሁሉ ይወጣል፤ ሣር የሚያጭድ አለ፣ ቀርከሃ የሚሰነጥቅ አለ፣ ቃጫ የሚገምድ አለ። ምሰሶው የት እንደሚተከልና ጣሪያው ስንት ክንድ እንደሚነሳ የሚወስነው ግን አንድ ሰው ነው። በእኛ ዙሪያ ያ ሰው አባቴ ነበር። ጮክ ብሎ አይናገርም። ያልወደደውን ቋጠሮ ካየ ራሱ ሄዶ ይፈታውና መልሶ ያስረዋል፤ ያሰረውን ሰው ቀና ብሎ አያይም። የእኛን ቤት እናቴን ከማግባቱ በፊት ነው የሠራው። ከብቶቹ በአንድ በኩል፣ እኛ በሌላው በኩል ሆነን ሁላችንም ያደግነው እዚያ ውስጥ ነው።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ነገር የሆነው የመንደር ምስረታ በእኛ አካባቢ በተጀመረበት ዓመት ነው። ገበሬው ከየጓሮው ተነስቶ ሜዳ ላይ በመስመር በተለኩ ቦታዎች ቤቱን እንዲሠራ ታዘዘ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አባቴን ጠርቶ ሥራውን አንተ ምራ ብሎት ነበር። አባቴ እሺም እንቢም አላለም፤ ጨጓራዬን አሞኛል አለ። ሰዉ ሰበብ መስሎት ነበር። ሰበብ አልነበረም። ከመስቀል ወዲህ ምግብ አልረጋለት ብሎ፣ ቀበቶውን በየጊዜው አዲስ ቀዳዳ እየበሳለት ይታጠቅ እንደነበር እናቴ በኋላ ነገረችኝ።

በየካቲት ወር፣ ከምሳ በፊት፣ ታላቅ ወንድሜ በካርድ ክፍሉ መስኮት ብቅ አለ። እሱ አንጋጫ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው። "አባባን ይዤ መጥቻለሁ" አለኝ። ስወጣ አባቴ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጧል። አጠገቡ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ አንድ ቅል ቅቤ፣ ቡልኮና ትንሽ የእንጨት መቀመጫ አለ። ፊቱ ከስቶ አጥንቱ ወጥቷል፤ ግን ፈገግ ብሎ ሳመኝ።

"ይሄ ሁሉ ዕቃ ምንድን ነው?" አልኩት በከምባትኛ።

"መርፌው ወራት ይፈጃል አይደል? ሸክም እንዳልሆንብሽ ብዬ ነው።"

"የምን መርፌ?"

"የክሊኒኩ ሰው አየኝና ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን" አለ አባቴ። "እኔ ደግሞ ስሙ ያልታወቀ ነገር ይዞኝ ነበር የመሰለኝ።"

ጎረቤታችን ከጥቂት ዓመታት በፊት ነቀርሳ ተብሎ፣ ሆሳዕና ዘመድ ቤት ተቀምጦ፣ በየቀኑ መርፌ እየተወጋ ድኖ ተመልሷል። ሲሄድ በቃሬዛ፣ ሲመለስ በእግሩ ነበር። አባቴ ያንን በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ በሽታውን ያውቀዋል፤ መድኃኒቱን ያውቀዋል፤ የሚፈጀውንም ጊዜ ያውቃል። የያዘው ዕቃ የሚድን ሰው ዕቃ ነበር። ወንድሜ የጤና ረዳቱን የሪፈር ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ጤና ረዳቱ ሥራውን በደንብ ነው የሠራው፤ "የጨጓራ ነቀርሳ ይጠረጠራል" ብሎ ለይቶ ጽፏል። አባቴ የሰማው ግን ሁለተኛዋን ቃል ብቻ ነው።

የመረመረው ሐኪም ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ወደ እኛ የተመደበ ወጣት ነበር። ከምባትኛ የሚናገር በሽተኛ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚያስጠራው እኔን ነው፤ ስለዚህ ስገባ እንደ ወትሮው ለማስተርጎም የመጣሁ መስሎት ነበር። አባቴ አልጋው ላይ ተጋደመ። ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሰ፣ ጉበቱን ፈለገ፣ ከዚያ ጣቱን ከግራ ትከሻው አጥንት በላይ፣ አንገቱ ሥር አሳርፎ እዚያ ቆየ። ይመልስ እንደሁ፣ ሰገራው ይጠቁር እንደሁ ጠየቀ። ተረጎምኩ። አባቴ ሁሉንም በትክክል መለሰ፤ ስለ አንድ ያረጀ ቤት የሚጠየቅ ይመስል ነበር።

"ምንሽ ናቸው?" አለኝ ሐኪሙ በመጨረሻ።

"አባቴ ናቸው።"

ሐኪሙ አባቴ ልብሱን እንዲለብስ ነገረውና እኔን ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ።

"እብጠቱ ትልቅ ነው። አንገታቸው ሥር ያለውንም ዳስሼዋለሁ። ከጨጓራ አልፏል ማለት ነው።"

"አዲስ አበባ ብንወስዳቸውስ?"

"ከፈለጋችሁ እጽፍላችኋለሁ። የእኔ አባት ቢሆኑ ግን አልወስዳቸውም። ሕመሙ ሲጠና የምንሰጣቸው ማስታገሻ አለ። በየጊዜው መጥተሽ ትወስጂላቸዋለሽ።"

ከሰዓት በኋላ የዕለቱ ካርዶች ጠረጴዛዬ ላይ መጡ። የአባቴ ካርድ መሃል ላይ ነበር። አለቃዬ ከሩቅ ሲያዩኝ ቆዩና ተነስተው መጥተው ካርዱን ከክምሩ መዘዙት። ወደ ጠረጴዛቸው ወስደው ቁጥሩን በእጃቸው ጻፉበት፤ ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ ከድነው ቀሪውን ሥራ ነገ ልትጨርሺው ትችያለሽ አሉኝ።

በሩ ላይ ወንድሜን አገኘሁት። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። እንደ አስተማሪ ሁሉን በሥርዓት የሚያደርግ ሰው ነው፤ መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገና መልሶ አጠፈው።

"አትነግሪያቸውም" አለኝ።

"መርፌ እየጠበቁ ነው እኮ።"

"ነርሶቹን ታውቂያቸው የለ? ቫይታሚን ይውጓቸው። ሰውየው በተስፋ ይኑሩ። ማን ነው ለአባቱ ሞትህ ደርሷል የሚለው? አንቺ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

አልሰማሁም ነበር። በእኛ አገር ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ሐኪሙ ለቤተ ዘመድ ይነግራል፣ ቤተ ዘመድ ውጭ ወጥቶ ያለቅሳል፣ ፊቱን ታጥቦ ይገባና "ደህና ነህ ተብሏል" ይላል። ይህንን በተርጓሚነቴ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ እኔም ራሴ በከምባትኛ "ደህና ነዎት ብለዋል" ብያለሁ። ወንድሜ ያለው ነገር ጭካኔ አልነበረም፤ ሁላችንም የምናውቀው ደግነት ነው። ስለዚህ እሺ አልኩት። እሱ ትምህርት ስላለበት በማግስቱ ወደ አንጋጫ ተመለሰ፤ አባቴ እኔ ጋ ቀረ።

ቫይታሚን እንዲወጉት ግን ማንንም አልጠየቅኩም። አባቴ በየጠዋቱ አብሮኝ ይመጣና መርፌ ክፍሉ በር ላይ ትንሿን መቀመጫውን አስቀምጦ ይጠብቃል። ተራው ሲደርስ ነርሷ "አባባ፣ ለእርስዎ ትእዛዝ አልመጣም" ትለዋለች። ምስጋናውን አቅርቦ መቀመጫውን ያነሳል። በማግስቱ ደግሞ ይመጣል። ከሰዎቹ ጋር በገበያ አማርኛው ይጫወታል፤ ከየት እንደመጡ፣ የመንደር ምስረታው የት እንደደረሰ ይጠይቃቸዋል። እኔ በመስኮቱ አየዋለሁ።

አንድ ቀን ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ቆም አለ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለ መርፌው ለሰዎቹ ያልተናገርሽልኝ አባቷን አስቀደመች ተብለሽ በእኔ ምክንያት እንዳትታሚ ፈርተሽ ነው? እንደዚያ ከሆነ ልክ ነሽ። እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ።"

አይደለም አልኩት። ያን ዕለት ግን እንደምነግረው ገባኝ። እንደዚያ ተቀምጦ ሲጠብቅ ማየት አቃተኝ። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፤ ጊዜው እንደሚያልቅ የማውቀው እኔ ነኝ፣ የሚያልቀው ግን የእሱ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ፀሐይ ሞቅ ብሎ ነበር። አባቴ ጋቢውን አውልቆ የአከራዬን አጥር መጠገን ጀመረ። ማንም አላዘዘውም፤ አጥሩ ላልቶ አይቶት ነው። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ነቀርሳ የሚባለው በሽታ ሁለት ነው" አልኩት።

እጁን አላቆመም። "እንዴት ሁለት?"

"በአማርኛ አንድ ስም ነው ያላቸው። በሽታዎቹ ግን ለየቅል ናቸው። አንዱ ሳንባ ላይ የሚወጣው ነው፤ መርፌ አለው።"

"የጎረቤታችን የትኛው ነበር?"

"የሳንባው ነው።"

"የእኔስ?"

"የእርስዎ ሌላኛው ነው። የጨጓራ ነው።"

ቃጫውን በእንጨቱ ላይ አዞረና ጠበቅ አደረገው። "መርፌ የለውም?"

"ሕመሙን የሚያስታግስ አለው። የሚያድን የለውም።"

እንዳላለቅስ ጥርሴን ነክሼ ነበር። እሱ ቋጠሮውን ጨርሶ፣ ትርፉን በቢላዋ ቆርጦ፣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከመንገዱ ማዶ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነበር፤ አንዳንዶቹ ሰላም ሲሉት እጁን አነሳላቸው።

"ሐኪሙ ክረምቱን ታየዋለህ ይላል?"

"አላለም። እሱም አያውቀውም።"

"ወንድምሽ ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"እናትሽስ?"

"አታውቅም።"

"እሷ ትወቅ፤ እኔ እነግራታለሁ። ሌላ ሰው ግን እንዳይሰማ። ሰው ከሰማ እንጨት አያሲዘኝም።"

የምን እንጨት ነው ስለው እንደ ሞኝ አየኝ። ቤታችን ሊፈርስ ነው። አፍርሶ መልሶ የሚተክለው ማነው? ወንድሜ ጠመኔ እንጂ መጥረቢያ አይዝም፤ ታናናሾቻችን አንዱ ወታደር ነው፣ ሌላዋ ባል አግብታ ሾኔ ናት። እሱ እዚህ መርፌ ሲጠብቅ ክረምት ቢገባ እናቴ በጥድፊያ በተሠራ፣ ዝናብ በሚያስገባ ጎጆ ውስጥ ልትቀር ነው። ይህንን ሁሉ ያሰላው አጠገቤ በተቀመጠባት በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። በማግስቱ ወደ አንጋጫ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ አሳፈርኩት። ጋቢና እንዲቀመጥ ሾፌሩን ለመንኩት። ቅሉን ቅቤ ለእኔ ተወልኝ።

ወንድሜ የሆነውን ሲሰማ ደብዳቤ አልጻፈልኝም፣ ራሱ መጣ። ቢሮዬ ድረስ ገብቶ፣ አለቃዬ ፊት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ "አንቺ ማን ብሎሽ ነው?" አለኝና ወጣ። አለቃዬ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ "ይመለሳል" አሉኝ። እንዳሉትም ተመለሰ፤ ግን ወደ እኔ አልነበረም። በየቅዳሜውና በየእሁዱ ወደ አባቴ ሄደ። በሳምንት አንድ ቀን ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር እኔም ማስታገሻውን ይዤ እሄዳለሁ።

ቤቱ ሲፈርስ ደርሼ አየሁ። እናቴ ዕቃዋን ሁሉ አውጥታ እንሰቱ ሥር ደርድራዋለች። እንሰቱ አይነቀልም፤ እዚያው ይቀራል፣ እሷ ከአዲሱ መንደር እየተመላለሰች ትፍቀው ተብሏል። አባቴ ትንሿ መቀመጫው ላይ ሆኖ በእጁ በያዘው እንጨት ያመለክታል። ሣሩ ወረደ፤ ቀርከሃው ተፈታ። እያንዳንዱን ማገር ሲያቀርቡለት በጥፍሩ ይቧጥጠውና "ይሄ ይሄዳል፣ ይሄ ለማገዶ" ይላል። ታላቁ ምሰሶ ሲነቀል ግን ተነስቶ ቆመ።

አዲሱ መንደር ላይ ከአውራጃ የመጣ አንድ ወጣት ገመድ ይዞ ቦታ ይለካ ነበር። አባቴን አየና "አባት፣ ምሰሶው ረዥም ነው። ሁሉም ቤት እኩል መሆን አለበት" አለው። ጨዋ ልጅ ነበር፤ የታዘዘውን ነው የሚለው።

"እኩል ይሁን" አለ አባቴ በአማርኛ። "ከታች ነው የሚቆረጠው ወይስ ከላይ?"

ልጁ ግራ ገባው። "ምን ልዩነት አለው?"

"ከታች በስብሷል። ከታች እንቆርጠዋለን። ላዩ ደህና ነው።"

እንዲህ ሆኖ ቤቱ ተሠራ። ከድሮው በጣም ያንሳል፤ ከብት አያስገባም። ወንድሜ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቃጫ ሲያስር በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። አባቴ ከታች ሆኖ ያየዋል። ያልወደደውን ቋጠሮ ወጥቶ መፍታት ስላልቻለ እንደ ድሮው ዝም ማለት አልሆነለትም፤ መናገር ነበረበት። "ወደ ግራ። እንደሱ አይደለም፤ አውራ ጣትህን ከሥር አስገባ። አዎ። አሁን ሳብ።" ወንድሜ ሲስብ አየሁት። ሁለቱ እንዲያ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሰዎቹ አባቴ መክሳቱን ያዩታል፤ ግን ማንም አልጠየቀም፤ እሱም ማንም እንዲጠይቅ ፊት አልሰጠም። ምግብ ሲቀርብ ትንሽ ይቆርሳል፣ ለሚቀጥለው ሰው ያቀብላል።

በሰኔ ዝናቡ ጀመረ። ቤቱ አላፈሰሰም። አባቴ በክረምቱ አጋማሽ፣ በአዲሱ ቤት፣ እናቴና ወንድሜ አጠገቡ እያሉ አረፈ። እኔ ከሳምንት በፊት መጥቼ አይቼው ነበር። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ መልእክቱ ዘግይቶ ስለደረሰኝ ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። ስደርስ ሰዉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እናቴ አቅፋኝ ለረዥም ጊዜ አልለቀቀችኝም።

ወደ ሥራ ስመለስ የወሩ ሪፖርት ይጠብቀኝ ነበር። እንደ ልማዴ የሞቱትን በየበሽታው ቁጥር እየደመርኩ ሳለሁ እጄ ቆመ። አባቴ የሞተው ቤቱ ውስጥ ነው። ቤቱ የሞተ ሰው ወደ እኛ አይመጣም፤ ካርዱ ላይ የመጨረሻው ጽሑፍ የየካቲቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። በወረቀቱ መሠረት አባቴ የሆነ ቦታ ታሞ ይኖራል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሪፖርታችን የአውራጃውን ሕዝብ ሁሉ የያዘ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ አምድ ጨርሼ ስደምር ከወረቀቱ ውጭ ያሉትን አስባለሁ። ገጠሩ ሁሉ ነው። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ የራሱ ሰዎች አጠገቡ ሆነው የሚሞትበት አገር ላይ ተቀምጠን ነበር የምንቆጥረው። ይህንን ለአለቃዬ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "እኔም እናቴ የሞተች ጊዜ ነው የገባኝ።" ከዚያ ሥራችንን ቀጠልን።

ከወንድሜ ጋር ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ተኳርፈን አናውቅም ማለት ይቻላል፤ እሱ ሆሳዕና ሲመጣ እኔ ጋ ያድራል፣ እኔ ስሄድ እሱ ጋ ነው የማርፈው። ነገሩ ከተነሳ ግን ሁለታችንም ካለንበት ፈቀቅ አንልም። በሚቀጥለው ዓመት መስቀል እናቴ ጋ ተሰብስበን ሳለ እንደገና ተነሳ። ማን እንዳነሳው አላስታውስም።

"ተስፋ ነው ሰውን የሚያቆመው" አለ ወንድሜ። "ባትነግሪያቸው ኖሮ ክረምቱን ይወጡት ነበር።"

"ቤቱንስ?"

"ቤቱን ሌላ ሰው ይሠራው ነበር። ቤት እኮ ነው።"

ምናልባት እውነቱን ሊሆን ይችላል። የማይድን ሰው ባያውቀው ስንት ወር ይጨምር እንደነበር በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም። እኔ የማውቀው አባቴ የቀረውን ጊዜ ለሚፈልገው ነገር እንዳዋለው ነው። ወንድሜ የሚያውቀው ደግሞ ሌላ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሌሊት ሌሊት አጠገቡ የተኛው እሱ ነው፤ አባታችን ምን ይል እንደነበር እኔ አልሰማሁም፣ እሱም ነግሮኝ አያውቅም።

"እሱ ለእኔ ሲነግረኝ" አለች እናቴ ድንገት፣ ከወደ ጓዳ፣ "መጀመሪያ ያለኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ልጅቷን እንዳትቆጫት፣ የነገረችኝ እንዳታለቅስ ጥርሷን ነክሳ ነው አለኝ።"

ወንድሜ ወደ መሬት አየ። እናቴ ክትፎውን በቅጠል ይዛ መጣች፤ ቆጮውን በመካከላችን አስቀመጠች።

"በሉ ብሉ" አለች። "ቅቤው ሊረጋ ነው።"

ወንድሜ ቆርሶ መጀመሪያ ለእኔ አቀበለኝ።